ስም በአዋጅ ይለወጣልን?

በጅጅጋ ገበያ አንድ ኩንታል እህል ከመኪና አውርዶ በትከሻው የሚሸከም ሰው ሁላችንም አይተናል። ናይም ሱሌይማኖግሉ የተባለው ክብደት አንሺ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ47 ሳንቲም፣ የራሱ ክብደት 60 ኪሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሣ። ሁለት ኩንታል ለመሙላት የቀረው 10 ኪሎ ብቻ ነበር። (አገራችን በዚያ ውድድር ስላልተካፈለች በጊዜው ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለንም።) በ1992 እና በ1996ም ወርቁን ደገመው፤ በ2017 በ50 ዓመቱ ዐረፈ። እኛ ልንወያይበት የፈለግነው ግን ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ ስሙ ነው።

ናይም በ1967 በቡልጋርያ ከቱርክ ወገን ተወለደ። ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ የቡልጋርያ መንግሥት በአገሩ ያሉትን ቱርኮች ስማቸውን እንዲለውጡ አስገደደ፤ ለዓለም ግን «በፈቃዳቸው ነው» አለ። ናይምም «ናዑም ሻላማኖቭ» ተባለ። በታኅሣሥ 1986 ለውድድር ሜልቦርን እንደ ሄደ ከቡድኑ ተሰወረና ወደ ቱርክ ገባ። ቤተሰቡ በቡልጋርያ ቀሩ።

«ለስም ተብሎ እናትና አባት ይተዋሉን?» የሚል አይጠፋም። ደግሞም ዳንኤልን ባቢሎናውያን ብልጣሶር አሉት፤ አናንያን፣ ሚሳኤልንና አዛርያን ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ አሏቸው፤ ሰዎቹ ግን እነዚያው ነበሩ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ባቢሎናውያን አዲስ ስም ሲያወጡላቸው አይሁድ መሆናቸውን አልካዱም፤ ከሳሾቻቸው እንኳ «አይሁድ» እያሉ ነው የከሰሷቸው። ቡልጋርያ የፈለገችው «ቱርክ የሚባል ከእኛ መካከል የለም» ለማለት ነበር። ስለዚህ የሞቱት ሰዎች ስም ጭምር በመዝገብ ተለወጠ።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ጎረቤቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። የሶማሌ ልጅ የአባቶቹን ስም ትውልድ በትውልድ እየቆጠረ ይማራል፤ አብቲርሲ ይሉታል። ከዚያ መካከል አንዱ ስም በአዋጅ ይፋቅ ቢባል፣ ልጁ ከአያቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አብሮ ይፋቃል። ስለዚህ ናይም አላጠፋም እንላለን።

እኛን የሚከብደን ሌላው ነገር ነው። በሴኡል ለቱርክ እንዲወዳደር ቡልጋርያ የፈቀደችው አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ተከፍሏት ነው። ይህ ቤዛ ነው ወይስ የዕቃ ዋጋ? ናይም 190 ኪሎ ማንሣት ባይችል ማን ይከፍልለት ነበር? ስማቸውን እንደ እርሱ የተነጠቁ፣ የሚከፍልላቸው ግን ያልተገኘ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ1989 ጓዛቸውን ተሸክመው ድንበሩን ተሻገሩ።