ስለ ራሱ ይናገር ዘንድ



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ስናነብ፣ ብዙውን ጊዜ የምናስተውለው የዓይኑን መከፈት ነው። ነገር ግን ወላጆቹ በተጠየቁ ጊዜ፣ ልጃቸው ለአካለ መጠን እንደ ደረሰና ስለ ራሱ መናገር እንደሚችል መልሰዋል። ይህን ያሉት በፍርሃት እንደ ሆነ ወንጌላዊው አልሸሸገም፤ ቃላቸው ግን እውነት ነበር። ልጁም ተናገረ፤ መሰከረም።

እኛስ በየቁምስናችን ያሉትን አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጠይቀናቸዋልን? በሕፃንነታቸው እንራራላቸዋለን፤ እኩዮቻቸው ወደ ሥራና ወደ ትዳር ሲያልፉ ግን እነርሱ በጓዳ ይቀራሉ። እናትም «ከእኔ በኋላ ማን አለው?» እያለች በሌሊት ታለቅሳለች።

የቋንቋና የባህል ልዩነት ሲጨመርበት ሸክሙ ይከብዳል። በሲዳምኛ ወይም በከምባትኛ ያደገው ዐይነ ስውር ሥራ ፍለጋ ከተማ ሲገባ በሌላ ቋንቋ ይጠየቃል። መስማት የተሳነው ወጣት የምልክት ቋንቋን ቢማርም፣ ቤተሰቡ ካልተማረው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ጉዳቱን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ የሚሸሽግም አለ፤ ይህን አሳብ ግን ጌታችን በዚያው ምዕራፍ አፍርሶታል።

ሀገራችን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚደረገውን አድልዎ ከልክላለች። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲሆኑ ተመኝተዋል። አዋጅም ሆነ መልእክት ግን በእኛ እጅ ካልተፈጸመ በወረቀት ይቀራል።

ስለዚህ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሳንጠብቅ ገና በ14 እና በ15 ዓመታቸው፣ ወላጆችና ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በገዛ ቋንቋቸው ምኞታቸውን እንጠይቃቸው። በቁምስናችን ያሉ ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎችና ነጋዴዎች ሙያ ያስተምሯቸው። በቤተ ክርስቲያን ንባብ፣ መዝሙርና ትምህርት እንዲያገለግሉ ቦታ እንስጣቸው። ዕድራችንም በአባታቸው ስም ሳይሆን በገዛ ስማቸው ይመዝግባቸው፤ በዕድር የተጻፈ ሰው በለቅሶም በደስታም ሙሉ ሰው ነውና።

በፍርሃት የተነገረውን የእነዚያን ወላጆች ቃል እኛ በፍቅር እንድንናገረው እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።