ቡናው ነው ወይስ ጫቱ?

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ጊዜ ቀርቶኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘንቢሌ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ጎደል ብሎ ይመለሳል። ከባለቤቴ ጋር ወጪ ስንቀንስ፣ «ከዐስር ሶላት በኋላ የሚፈላው ቡና ኢስራፍ ነውና ይቅር» አልኳት። «ጎረቤታችን አሮጊቷ ቁርስ የሚቀምሱት በዚያ ሰዓት ነው፤ ጫትህንስ የት ጻፍከው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ጫቱን አልጻፍኩትም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ፉርቃን 67ኛ አንቀጽ ያወደሰው በማባከንና በመሰሰት መካከል ያለውን መንገድ ነው። እኛ ግን የሌላውን ደስታ ብክነት፣ የራሳችንን ሱስ አስፈላጊ እንላለን። ጫቱን ሰረዝኩ፤ ቡናው ከማሾ ንፍሮ ጋር ቀጠለ። ወንድሞች ሆይ! ቁጠባ ከራስ ይጀምር።

ወላሁ አዕለም።