የምንወደውን ሰው በሞቱ ዋዜማ መዋሸት ይገባናልን?

አክስቴ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ኦሎምፒያ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው የልጇ ቤት ነው። ሐኪሙ ልጇን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ሕመሟ የሆድ ካንሰር መሆኑን፣ ከእንግዲህም የሚያድናት ሕክምና እንደሌለ ነገረው። ልጇ ዓይኑን ጠራርጎ ተመለሰና «ጨጓራ ነው አሉ፤ ትድኛለሽ» አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁላችንም የዚህ ቃል ዘበኞች ሆንን። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ጠብቀን «ጨጓራ ነው በሉ፤ እንዳታለቅሱ» እንላለን።

አንድ ሌሊት የማስታመም ተራው የእኔ ነበር። «ልጄ፣ ሁላችሁ የምታውቁት፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ጨጓራ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳግመኛም አልጠየቀችኝም። በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

ባረፈችበት ማለዳ ጎረቤቷ የሆኑ እናት የተቋጠረ አቡጀዲና ጥቂት ገንዘብ ይዘው መጡ። ከወር በፊት «ይህ ለመገነዣዬ፣ ይህ ለፍትሐቴ፤ ልጆቼ እንዳይሰሙ፣ ይደነግጣሉ» ብላ ሰጥታቸው ኖሯል። ለካ እኛ ከእርሷ ስንደብቅ እርሷም ከእኛ ትደብቅ ነበር!

«ታዲያ ምን ጎደለባት?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በውርስ ነገር ተቀያይመው ለዓመታት ያልተነጋገሩት ወንድሟ ከደብረ ብርሃን የደረሱት ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። «ጨጓራ ነው ስላላችሁኝ ለፋሲካ መጥቼ እታረቃታለሁ ብዬ ነበር» አሉ። የጎደለው ይኸው ነው።

የልማዳችን ጠበቆች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሕመምተኛው እውነቱን ከሰማ ተስፋው ይሞታል፤ ሁለተኛ፣ ቀኑን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር እውነት ነው፤ ሐኪምም ቀን አይቆርጥም። ነገር ግን ቀኑን አለማወቅ ሌላ፣ በሽታውን መካድ ሌላ ነው። የመጀመሪያውም ስጋት የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ተስፋ አንድ ዓይነት ብቻ ነውን? የመዳን ተስፋ ሲያልቅ ያለ ስቃይ የማደር፣ የመታረቅ፣ ልጅን መርቆ የመሰናበት ተስፋ ይቀራል። በውሸታችን የዘጋነው ይህን ነው።

ደግሞስ እኛ መራራ እውነት መናገር የማናውቅ ሕዝብ ነን? መርዶ አነጋገራችንን እናስብ። መርዶ በጎዳና ላይ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተጠራርተው ማልደው ይሄዳሉ፤ ደግፈው ይዘው ይነግራሉ፤ ነግረውም ጥለው አይሄዱም። ይህን ሁሉ ጥበብ ለቋሚ ስናውል ለሚሞተው ግን ነፈግነው። ሰው የሁሉን መርዶ እየሰማ ኖሮ የራሱን የሚያረዳው ያጣል።

ሆስፒስ የሚባለው አሠራር ወደዚሁ ጥበብ የቀረበ ነው። የቃሉ የላቲን ሥር እንግዳንና እንግዳ ተቀባይን ያመለክታል፤ እኛ «የእግዜር እንግዳ» ከምንለው ብዙ አይርቅም። ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የሐሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ጭምር ነው ብለው ነበር። አን ሜሪማን በ1993 ኡጋንዳ ውስጥ ያቋቋሙት ሆስፒስም በርካሽ የሚዘጋጅ፣ የሚጠጣ ሞርፊን ለድሃው ሕመምተኛ አደረሰ። በእኛም ከተማ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ያዘ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። የዚህ ሙያ ሰዎች እውነቱን በሕመምተኛው ላይ አይዘረግፉትም። አስቀድመው «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ማወቅ የማይሻ ሰው መብቱ ይከበርለታል። አክስቴ ግን ጠይቃ ነበር!

ሃይማኖቶቻችንም ቢሆኑ ለዚህች ሰዓት ስንቅ አላቸው። ክርስቲያኑ ንስሐ አባቱን ይጠራል፣ ይቆርባል፣ ጸሎተ ቀንዲል ይደርስለታል፤ ለሙስሊሙ ያሲን ይቀራለታል፣ ሸሃዳው በለሆሳስ ይታወሰዋል። «ኑዛዜ» የሚለው ቃላችን ለካህን የሚነገረውንም፣ ለልጅ የሚተወውንም ይይዛል። ሁለቱም ግን መንገደኛነቱን ካላወቀ ሰው አይገኙም።

ዕድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ንፍሮውን ይዞ ሲደርስ ያኮራል። በኤድስ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙ አባሎቻቸውን መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ከሞት በፊትም መድረስ ይቻላል ማለት ነው። ለሠልስት የሚበቃ ሰው ካለን፣ በተራ አልጋ ዳር ተቀምጦ እጅ የሚይዝና ሲጠየቅ የማይዋሽ ሰው እንዴት እናጣለን?

ያቺን ሌሊት ዛሬ ባገኛት «አዎ እትዬ፣ ሕመሙ ከብዷል፤ እኛ ግን የትም አንሄድም። ማንን እንጥራልሽ?» እላት ነበር። ማንን ትጠራ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ።