ደጁ ሲዘጋ ልጁ አይዘጋ

የዋጃ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቼ፣ ይህችን ምክሬን ስሙኝ። ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አዩ፤ እኛም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አየን። ነገም ሌላ ቢመጣ፣ በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ፣ ደጁ ሲዘጋ ልጁ አይዘጋ።

ሌላው ልጅ ቢከለክሉትም ሾልኮ ወጥቶ ይቦርቃል። መራመድ ያቃተው ግን ካላነሱት ከተቀመጠበት አይነሳም። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጎኑ ይቆስላል፤ እንቅልፍም ይርቀዋል። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ነው፤ የተኮማተረ እግር ኋላ ከማፍታታት ዛሬ ማንቀሳቀስ ይቀላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችም ጭምር፣ ቢያንስ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያድርጉ ብሏል። በአንዴ አይሁን፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። የቆላችን ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ጥቂት፣ ሲበርድ አመሻሽ ላይ ጥቂት አድርጉት።

ግቢያችሁ ይበቃል። ዓይነ ስውሩ ልጅ ከእህቱ ጋር አጭር ገመድ ግራና ቀኝ ይዞ ይሩጥ። መቆም የማይችለው ተቀምጦ የጨርቅ ኳስ ይወርውር፣ ይቅለብ። መስማት ለተሳነው በእጅ ምልክት ስጡት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ አንዱን ጨዋታ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትድገመው። ክራንቹንና የዊልቸሩን ጎማ በሳሙና እጠቡ፤ የልጆቹ እጅ ሲነካ የሚውለው እነሱን ነውና። ያተኮሰው ይረፍ፤ ሲንቀሳቀስ የሚያመውን አታስገድዱ፣ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ልጁን ጓዳ የሚያስቀምጥ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ አካል ጉዳት በሽታ አይደለም፣ መደበቁ ግን ያሳምማል። ዓይኗ አጥርቶ የማያይላት ትዕግስት ገዛኸኝ፣ ዓለም በኮሮና ተጨንቆ ሳለ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ 1500 ሜትር ሮጣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ልጃችሁ የግድ ወርቅ ያምጣ አልልም፤ ፀሐይ ይሙቅ፣ ይላብ፣ ከወንድም ከእህቱ ጋር ይሳቅ።

ሸክሙን ለእናት ብቻ አትተዉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»፤ አባትም፣ ታላቅ ወንድምም፣ አያትም ተራ ይግቡ።

ፈጣሪ የልጆቻችሁን ጉልበት ያጽናላቸው፤ ያሳድግላችሁ፤ ደዌውን ከቀያችን ያርቅልን።