ብድር፣ ውሰትና እሳት መጫር

ኪነ ጥበብ ከባዶ አይፈጠርም። ገጣሚው የሚጽፍበትን ቃል ያበጀው እርሱ አይደለም፤ አዝማሪው መሰንቆውን የሚቃኝበት ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ ከእርሱ በፊት ብዙ ትውልድ የተቀባበለው ነው። ስለዚህ አንድ የጥበብ ሰው ከሌላው ወስዷልን ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም፤ ሁሉም ወስዷልና። ፍሬ ያለው ጥያቄ፣ የወሰደ ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚለው ነው። ይህ ጥንታዊ ጥያቄ በዘመናችን ጎልቶ ከሚታይባቸው የሥራ መስኮች አንዱ፣ ያለ ኩባንያ ድጋፍ በየቤታቸው ተቀምጠው ‹‹ቢት›› የሚሠሩ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ሙያ ነው።

የሙያውን ጠባይ ለመረዳት አመጣጡን መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር፣ ኩል ሄርክ በሚል ስም የታወቀው ትውልደ ጃማይካዊ ወጣት ክላይቭ ካምቤል በጭፈራ ቦታ ሸክላ ሲያጫውት አንድ ነገር አስተዋለ። ጨፋሪው ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ድምፃዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ክፍል ነበር። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አኑሮ፣ አንዱ ሲያልቅ በሌላው እየመለሰ ያንን ክፍል አስረዘመው። እ.ኤ.አ. በ1988 አካይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሮጀር ሊን የነደፈውን ‹‹ኤምፒሲ 60›› ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ደግሞ፣ ከሸክላ የተቆረጠን ድምፅ በ16 መምቻዎች ላይ ደልድሎ በጣት መምታት ተቻለ። ዛሬ ይህንኑ ተራ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። የሙያው መሠረት ግን አልተለወጠም፤ ማዳመጥ፣ መምረጥ፣ መቁረጥና በአዲስ ሥርዓት መደርደር ነው። ሥራውን ስንፍና የሚሉት ሰዎች ይሳሳታሉ። ከአንድ ሰዓት ሙዚቃ ውስጥ ሌላው ያላስተዋላትን ሁለት ሰከንድ ነጥሎ የሚሰማ ጆሮ ያልደከመ ጆሮ አይደለም።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ የዳር ተመልካች አይደለችም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ድርጅትና በዘመኑ በነበሩ ሌሎች አሳታሚዎች የወጡት ዘፈኖች፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚል ርእስ በተከታታይ ሲያሳትማቸው ከብዙ የውጭ አቀናባሪዎች እጅ ገቡ። ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ አልበሙን ከኢትዮጵያ ሸክላዎች በተቆረጡ ድምፆች ሠራ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌ ‹‹አዝ ዊ ኤንተር›› የተሰኘ ዘፈናቸውን በሙላቱ አስታጥቄ ‹‹የገሌ ትዝታ›› ላይ ገነቡ። በአገር ውስጥም እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ከ2014 ጀምሮ በዋሽንግተን በሚገኝ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ባወጧቸው ሥራዎች የባህል መሣሪያን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋህደዋል።

ከዚህ ሁሉ ውበት ጎን አንድ መራራ ታሪክ አለ። ‹‹ዊንስተንስ›› የተባለው የአሜሪካ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው አንድ ዘፈን ውስጥ ከበሮ መቺው ግሪጎሪ ኮልማን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን ይመታል። ያቺ ምት በሺህ በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ ሳይጠቀም በ2006 በድህነት ሞተ። በ2015 አድማጮች በፈቃዳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለጓዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ወደ 24,000 የእንግሊዝ ፓውንድ አበረከቱ። ስጦታው የሚያስመሰግን ነው፤ ግን ባለ ምቱ አልደረሰበትም።

የኮልማን ስም ቢያንስ በሸክላው ታሪክ ተመዝግቧል። ባለ ምቱ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ አገር ሲሆንስ? በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ ደጋ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሻደይ ጨዋታ ይከበራል፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ማለት ነው። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ተክል በወገባቸው አስረው፣ አንዷ አውራጅ ሌሎቹ ተቀባይ ሆነው፣ ከበሮ እየመቱ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። እንበልና አንድ የጋዝጊብላ ወረዳ ተወላጅ ወጣት በአስከተማ ከተማ ይህን ከበሮ በስልኩ ቀድቶ፣ አዲስ አበባ ባለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ቆርጦ ቢት ሠራበት። ቢቱ ተወደደ፤ ተሸጠ። ያ ከበሮ የማን ነው?

ሕግ ግማሽ መልስ ይሰጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ነገር ግን የሻደይ ከበሮ መቼ እንደ ተደረሰ የሚናገር የለም፤ ደራሲዋ ስትሞት ተብሎ 50 ዓመት የሚቆጠርላት ሴትም የለችም። በሕግ ፊት ባለቤት ያልተገኘለትን ነገር ‹‹የማንም አይደለም›› ማለት ይቀላል። ‹‹የማንም›› እና ‹‹የሁሉም›› ግን አንድ አይደሉም። የማንም ያልሆነውን ያገኘ ሁሉ ይወስደዋል፤ የሁሉም የሆነውን የሚወስድ ግን ለሁሉም ይጠየቃል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ስለ መውሰድ ሁለት ተቃራኒ ሥርዓቶችን አቆይተዋል። በዜማ ቤት ተማሪው የተቀበለውን ሳያዛንፍ መመለስ አለበት፤ የራሱን መጨመር ጥፋት ነው። በቅኔ ቤት ግን የተሰማን ቅኔ ደግሞ እንደ ራስ አድርጎ መቀኘት ነውር ነው፤ አዲስ ያልሆነ ቅኔ አይባልም። ቢት ሠሪው በሁለቱ መካከል ቆሟል። ድምፁን እንደ ዜማ ተማሪ ይቀበላል፤ ነገሩን እንደ ባለ ቅኔ ይለውጣል። ስለዚህ የሁለቱም ቤት ግዴታ አለበት፤ የተቀበለበትን መምህር ማወቅና አዲስ ነገር መጨመር። ሳይለውጥ የሸጠ ገልባጭ ነው፤ ለውጦ ምንጩን የካደ ደግሞ ውለታ ቢስ።

ቋንቋችን ራሱ ጉዳዩን ለመመዘን የሚበቃ ሚዛን አለው። መጥረቢያ የተዋሰ ሰው ያንኑ መጥረቢያ ይመልሳል። እህል የተበደረ ያንኑ እህል ባይመልስ አቻውን ይከፍላል። የሰረቀ ደግሞ ባለቤቱን ያጎድላል። የተቀዳ ድምፅ ከሦስቱ አንዱንም በትክክል አይመስልም፤ ልጃገረዶቹ ከበሯቸው በእጃቸው ነው፤ ምንም አልጎደላቸውም። ለዚህ የሚስማማው አራተኛው የገጠር ልማድ፣ እሳት መጫር ነው። እሳቷ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳለች፤ ፍሙን ትወስዳለች፤ የጎረቤቷ ምድጃ ግን አይቀዘቅዝም። ፍሙን መልሽ የሚላት የለም። ሆኖም የጫረች ሴት ነፃ አይደለችም። ከማን ቤት እንደ ጫረች ታውቃለች፤ በጫረችው እሳት የሰው ጎጆ አታቃጥልም፤ ነገ ያቺ ጎረቤት ገል ይዛ ስትመጣ በሯን አትዘጋም።

የቢት ሠሪውም ዕዳ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያው ምንጩን በስሙ መጥራት ነው፤ ‹‹የባህል ከበሮ›› ሳይሆን የዋግ ሻደይ፣ ከተቻለም የመንደሩንና ፈቅደው የተቀዱትን ሴቶች ስም። ሁለተኛው የድምፁን ክብር መጠበቅ ነው፤ በልጃገረዶች የደስታ ከበሮ ላይ ልጃገረዶችን የሚያዋርድ ግጥም የጫነ ሰው በጫረው እሳት ጎጆ አቃጥሏል። ከለቅሶ ቤት የተቀዳ ሙሾ ደግሞ ለጭፈራ ከመዋሉ በፊት ባለ ሐዘኑ ሊጠየቅ ይገባል፤ እንቢ ቢል እንቢታው መከበር አለበት። ሦስተኛው መመለስ ነው። ገንዘብ ያገኘበት ከገንዘቡ ያካፍል፤ ገንዘብ ያላገኘበት የቀዳውን ድምፅ ቅጂ ለወረዳው ትምህርት ቤት ወይም ለባህል ጽሕፈት ቤት ይስጥ።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ዋግ በ1977 ዓ.ም በድርቅ፣ በ2013ና በ2014 ዓ.ም በጦርነት ሕዝቡ የተፈናቀለበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ዛሬ ያልተቀዳ ዘፈን ነገ ላይገኝ ይችላል። ወጣቱ ስንት ፈቃድና ስንት ግዴታ ሲያሟላ ድምፁ ራሱ ቢጠፋስ? ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ቸል ሊባልም አይገባም። ስለዚህ መቅዳትን የሚያስፈራ ማናቸውም ደንብ ጎጂ ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የሚደግፈው መቅዳትን እንጂ መካድን አይደለም። ስሙ ተፍቆ በዓለም የሚዞር ከበሮ ሕዝቡን አያድንም፤ አድማጩ ምቱን እየወደደ ዋግ የምትባል አገር መኖሯን ሳያውቅ ያልፋል። ከጥፋት አዳንሁት የሚል ሰው ያዳነው የማን እንደሆነ መናገር አለበት፤ ያለዚያ ያዳነው ለራሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ለአቀናባሪው ብቻ የሚተው አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹ የአያቶቻቸውን ዘፈን ከነዘፋኙ ስም እንዲመዘግቡ ማድረግ ይችላል። የባህል ባለሙያው የተመዘገበውን ድምፅ በመሳቢያ ከመቆለፍ ይልቅ ለወጣት አቀናባሪዎች ከነምንጩ ሊያቀርብ ይገባዋል። ወጣቱ ከባዕድ ሸክላ ብቻ የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ የገዛ አገሩ ድምፅ በእጁ ስለማይገባ ነው። የአቀናባሪው ድርሻ ደግሞ በሥራው ላይ ከስሙ ጎን አንዲት መስመር መጨመር ነው። ያቺ መስመር ምንም አታስወጣውም፤ በጋዝጊብላ ከበሮ ለመታችው ልጅ ግን ምቷ የት እንደ ደረሰ ትነግራታለች።