ብዙው በጥቂቱ

የመኪና እሽቅድምድም ጌም የሚወዱ ልጆች ዛሬ መንገዱንም ራሳቸው ይሠራሉ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ በኮምፒውተር የሠራ አንድ ወጣት አውቃለሁ። የታጨደ የጤፍ ማሳ ከቅርብ ፎቶ አንስቶ ምድሩን አልብሶታል። ከመንገዱ ዳር ያለው ገለባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሉማሜን አልፎ በስተቀኝ፣ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ያለው ሩቁ ማሳ ግን መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን ያማል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሩቅ አንዲት የስክሪን ነጥብ በመቶ የሚቆጠሩ የፎቶውን ነጥቦች ትወክላለች። ኮምፒውተሩ ከእነዚያ አንዱን ብቻ ብድግ ያደርግና «ማሳው ይህ ነው» ይላል። መኪናው ፈቀቅ ሲል ሌላውን ያነሳል። አንዴ ጥቁር ዋልካ፣ አንዴ ቢጫ ገለባ። ያነሳው ሁሉ ከማሳው የተገኘ ነው፤ ማሳውን ግን አይመስልም።

መድኃኒቱን ላንስ ዊሊያምስ የተባለ ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ሚፕማፕ ይባላል። «ሚፕ» የተወሰደው «ብዙው በጥቂቱ» ከሚል የላቲን ሐረግ ነው። (የቅኔ ተማሪ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።) አራት አራት ነጥብ እየተደባለቀ አንድ ይሆናል፤ ፎቶው በቁመትም በወርድም በግማሽ እያነሰ እስከ አንዲት ነጥብ ድረስ ቅጂው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለቅርቡ ትልቁ፣ ለሩቁ ትንሹ። ቅጂዎቹ ሁሉ ተደምረው የሚይዙት ቦታ የዋናውን ሲሶ ያህል ነው። ልጁ ፎቶውን ሲያስቀምጥ የዘለለው ይህንን ነበር።

አስተካከለው፤ ግን ከፋው። «ገለባውን አጠፋሁት እኮ፣ ጋሼ፤ ይሄ ማታለል አይደለም?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሰውን ዝርዝር ማደብዘዝ በደል ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እኔ ግን አታላዩ የመጀመሪያው ማሳ ነው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ጎጃም ገበሬ የምናወራው እንዴት ነው? ትናንት ጤፍ ሸጦ ፎቅ የሠራ አንድ ሰው አይተን «ገበሬው በለፀገ» አልን፤ ዛሬ ማዳበሪያ ያጣ አንድ ሰው ሰምተን «ገበሬው አለቀለት» እንላለን። ሁለቱም ሰዎች አሉ። ገበሬው ግን በወሬያችን ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል።

ይሁንና ድብዝዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ትንሿ ቅጂ የምትታመነው እያንዳንዱ ነጥብ ገብቶባት ስለተሠራች ነው። ካላዩ ሰዎች የሚመጣ ድብዝዝ ሌላ ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ከዋና ከተማው የታየው «ገበሬ» የሚባል አንድ ወጥ ግብር ከፋይ ነበር። በጎጃም በኩል ግን መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የሚቆጠር ርስት ነው፤ ገማች መጣ ማለት ርስቱን የሚለካና የሚነጥቅ መጣ ማለት ነበር። ገበሬው አመፀ። ጦር ተላከ፤ ኋላም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።