ፏፏቴውና ግንዱ

በካሊፎርኒያ፣ በቢግ ቤዚን ደን ወደ ቤሪ ክሪክ ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ ሬድዉድ በተባሉት፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ሊኖሩ በሚችሉ ግዙፍ ዛፎች መካከል የሚያልፍ ሲሆን፣ ሁልጊዜ የሚለወጥ ነገር በምን ምክንያት ያው ራሱ ነው ሊባል ይችላል የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ ያስነሣል። አርስጣጣሊስ ማንኛውም አካል ከቁስና ከቅርጽ፣ ማለትም ከተሠራበት ነገርና ምንነቱን ከሚሰጠው አወቃቀር፣ የተዋሐደ መሆኑን አስተምሯል፤ በዚህ መሠረት ውሃው በየቅጽበቱ ቢያልፍም ፏፏቴው በቅርጹ ጸንቶ ይኖራል ማለት ይቻላል። ዛፉ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያሳያል፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሰደድ እሳት ደኑን ካነደደ በኋላ፣ ከከሰለው ወፍራም ቅርፊት ሥር ተኝተው የነበሩ እንቡጦች ነቅተው ጥቁሩን ግንድ እንደ ጠጉር በበቀለ ለምለም ቅጠል አልብሰውታል። ፏፏቴው ቅርጹን የሚቀበለው ከዓለቱ ነው፤ ሬድዉድ ግን የራሱን መልክ ከውስጡ መልሶ ስለሚሠራ፣ ያው ራሱ መባል በእርግጥ የሚገባው ለእርሱ ነው።